በትንሽ ኮሌጅ ዓመታዊ ልማድ እንዴት ይተከላል?

በትንሽ ኮሌጅ ሁሉም የሁሉንም ፊት ያውቃል። ብዙዎች ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት በአንድ በር ሲወጡና ሲገቡ ኖረው ስም ሳይጠያየቁ ይመረቃሉ። በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚያደርገው ነገር ይህን ይቀይራል፤ የግቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ሊቆም መቻሉም ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሌላቸው ዕድል ነው።

አዲስ ነገር ከመፍጠራችሁ በፊት ያለውን ፈልጉ። ጥበቃዎችን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን፣ ነባር መምህራንን ጠይቁ። ተማሪዎች ማንም ሳያዛቸው የሚያደርጉት ነገር ካለ እሱን አሳድጉት።

ቀጥሎ አንድ ድርጊት ብቻ ምረጡ። በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ካልቻላችሁ በዝቷል ማለት ነው። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ማውንት ሆልዮክ ኮሌጅ ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የተራራ ቀን» አለው፤ በመጸው አንድ ማለዳ ሳይታሰብ ደወል ይደወላል፣ ትምህርት ይቀራል፣ ተማሪዎች ተራራ ይወጣሉ። በቃ ይኸው ነው። ቀኑ አስቀድሞ ስለማይነገር ጉጉቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ወጪውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የልማዱ እምብርት ግን ነባሩ ለአዲስ ገቢው የሚሰጠው ነገር መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በሚገኘው ብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ «የፋኖስ ምሽት» የሚባል አለ፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ለአንደኛ ዓመቶቹ የአዲሶቹ ባች (በአንድ ዓመት የገቡ ተማሪዎች) ቀለም ያለበት ፋኖስ ያስረክባሉ። ቀለሞቹ አራት ሲሆኑ ለየዓመቱ ባች በየተራ ይዞራሉ። ስለዚህ አዲስ የገባች ተማሪ ከብዙ ዓመት በፊት ከተመረቀች፣ ፈጽሞ ካላየቻት ሴት ጋር አንድ ቀለም ትጋራለች። ይህ ብልሃት በጣም ይማርከኛል። እናንተም ፋኖስ ባይኖራችሁ ችግኝ፣ የእጅ ጽሑፍ ደብዳቤ ወይም ክር መስጠት ትችላላችሁ።

አዲስ ገቢው ይቀበላል እንጂ አይፈተንም። ማዋረድ፣ ማስፈራራት፣ መጠጥ ማስገደድ የገባበት ነገር ማኅበረሰብን ያፈርሳል። መሳተፍ ያልፈለገም ምክንያት ሳይጠየቅ መቅረት ይችላል።

ቀኑን በመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመሪያ አካባቢ፣ ጓደኝነት በቡድን በቡድን ሳይዘጋ አድርጉት። ከፈተናና ከሃይማኖት በዓላት አርቁት። በዊልቸር የሚሄድ፣ ማታ የሚሠራ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ እኩል መገኘት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። መዋጮ አይኑር።

ስለ ደኅንነት ከባድ ነገር ልንገራችሁ። በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዓመታዊ ደመራ ይከምሩት የነበረው የግንድ ቁልል በኅዳር 1999 እ.ኤ.አ. ተደርምሶ 12 ሰዎች ሞተዋል። ልማድ ሲቆይ «ሁልጊዜም እንዲህ ነው» ማለት ይለመዳል። እሳት፣ ከፍታ ወይም ውኃ ካለበት በየዓመቱ በባለሙያ እንደ አዲስ ይታይ።

የተማሪ ማኅበረሰብ በአራት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ጥሩ ልማዶች የሚጠፉትም በዚህ ነው። ስለዚህ ደብተር ያዙ፦ ማን ፈቃድ ሰጠ፣ ስንት ወንበር ተፈለገ፣ ዝናብ ሲመጣ የት ተገባ፣ ምን ተበላሸ። ዝግጅቱ ባለፈ በሳምንቱ፣ ሳይረሳ ይጻፍ። አዘጋጆቹ ውስጥ ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችና አንድ ከግቢው የማይለቅ ሠራተኛ ይኑሩ።

በሁለተኛው ዓመት የሚመጣው ሰው ሊያንስ ይችላል። ቢሆንም አድርጉት፤ ልማድ የሚሆነው ሲደገም ነው። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ያስጀመሩት ተማሪዎች በሙሉ ሄደዋል። ደብተሩን ይዞ ለሚመጣው ልጅ የአዳራሹን ቁልፍና የድምፅ ማጉያውን ስጡትና ከኋላ ቁሙ።