በጊታር የትዝታ ቅንብር ላይ ዜማው በባስ መዋጡን እንዴት እንዳስተካከልኩ
ሐዋሳ ውስጥ ባስን (ወፍራሙን አጃቢ ድምፅ) እና ዜማን በአንድ ጊታር የሚይዝ የትዝታ ቅንብር ስለማመድ፣ ያሰማኋቸው ጓደኞቼ ሁሉ «ቆንጆ ነው» ከማለት አላለፉም፤ ጥያቄዬ ጥቅል ስለነበር በእነርሱ አልፈርድም። በኋላ 8 ሜዠር (የዜማው የምት ክፍል) ብቻ በስልኬ ቀርጬ፣ ክራር ለሚጫወቱ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ ዜማውን አብረው ያንጎራጉሩልኝ» አልኳቸው። ሦስተኛው ሜዠር ላይ ዝም አሉ፤ አውራ ጣቴ የሚመታው ባስ ዜማውን ውጦት ነበር።

በጣም ወፍራሙን፣ 6ኛውን ክር ከኢ ድምፅ ወደ ዲ ዝቅ አድርጌ በዲ ትዝታ፣ ማለትም በዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እና ቢ ስጫወት፣ ዋናዎቹ የባስ ድምፆች ክሩ በግራ እጅ ሳይነካ ስለሚገኙ ጣቶቼ ለዜማው ነጻ ሆኑ። የቀኝ መዳፌን ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ) አጠገብ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ በስሱ አሳርፌ ባሱን አፈንኩት፤ ዜማውን በቀለበት ጣቴ ጠንከር አድርጌ አወጣሁት። በድጋሚ ሳሰማቸው እስከ መጨረሻው አንጎራጎሩ።