ድሪያስን በአበባው አትለዩ፤ ቅጠሉን ገልብጡት

የአርክቲክ ዕፅዋት ናሙና የምትሰበስቡ ወይም ፎቶ የምታነሱ፣ ድሪያስ ኦክቶፔታላና ድሪያስ ኢንተግሪፎሊያ የተባሉትን ሁለት የድሪያስ ተክል ዝርያዎች ለመለየት አበባው ላይ አትድከሙ። የሁለቱም ነጭ ነው፤ መልካበባቸውም (ነጮቹ የአበባ ቅጠሎች) አብዛኛውን ጊዜ 8 ነው። ልዩነቱ ቅጠሉ ላይ ነው።

ከአንድ ተክል በደንብ ያደጉ 5 ወይም 6 ቅጠሎች ውሰዱ፤ በአንድ ቅጠል ብቻ መወሰን ያሳስታል። ጠርዙን ከግርጌው እስከ ጫፉ ተከተሉት። ድቡልቡል ጥርሶች ዙሪያውን ከያዙትና የላይኛው ገጽ ጅማቶቹን ተከትሎ ቦይ ቦይ ከሠራ ኦክቶፔታላ ነው። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ግርጌው አካባቢ ብቻ ከታየና ቅጠሉ ወደ ጫፉ እየጠበበ ከሄደ ኢንተግሪፎሊያ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደረቀ ቅጠል ነው። ሲደርቅ ጠርዙ ወደ ታች ይጠቀለልና ጥርሱን ይደብቃል፤ ኦክቶፔታላው ልሙጥ መስሎ ይታያል። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ ሲለሰልስ በመርፌ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ዘርጉት።

ከዚያ ገልብጡትና መካከለኛውን ጅማት 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እዩት። ከነጩ ሱፍ መሰል ሽፋን መካከል እንደ ላባ የተከፋፈሉ ቡናማ ፀጉሮች ካሉ ኦክቶፔታላ መሆኑን ያጠናክራል። አለመኖራቸው ብቻውን ግን አያስወስንም።

ሁለቱ በሚገናኙባቸው ግሪንላንድና አላስካ ይዳቀላሉ። ጥርሱ እስከ ግማሽ ብቻ የደረሰ ቅጠል ከበዛ በግድ አንዱን ስም አትስጡት፤ «ድቅል ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ መዝግቡ፣ የቅጠሉን ላይና ታች ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ።