ሰበቃን በጣውላና በሜትር እንዴት እንለካለን?

ሰበቃን፣ ማለትም ሁለት የተነካኩ ነገሮች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት የሚቃወመውን ኃይል፣ ለመለካት ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ጣውላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ካለ ይበቃል።

ጣውላውን ወለል ላይ አጋድሙ። ቁራጩን አንዱ ጫፍ አጠገብ አስቀምጡና ያንኑ ጫፍ ቀስ እያላችሁ አንሱ። ቀስ በሉ ስል የምሬን ነው። የቆመን ዕቃ የሚይዘው ሰበቃ፣ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። እጃችሁ ነቅነቅ ካለ ቁራጩ ቀድሞ ይለቃል፣ ቁጥሩም ያንሳል። እጁ የማያርፍለት ሰው ከጣውላው ሥር ደብተር በደብተር ላይ እየደረበ ከፍ ያድርገው። ቁራጩ ሸርተት ሲል እዚያው አቁሙ።

ተማሪ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ከወለሉ እስከ ተነሳው ጫፍ ያለውን ከፍታ ለኩ። የምታካፍሉት ግን ለጣውላው ርዝመት አይደለም፤ ከታችኛው ጫፍ ተነስቶ ከከፍታው ግርጌ እስኪደርስ ወለሉ ላይ ላለው ርቀት ነው። 100 ሴንቲሜትር ጣውላ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ቁራጩ ከለቀቀ፣ ወለሉ ላይ ያለው ርቀት 89 ገደማ ይሆናል። 45 ሲካፈል ለ89፣ 0.5 አካባቢ። የሰበቃው ኮፊሸንት፣ ማለትም ሰበቃው ከሚጫነው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ ይኸው ነው። ለ100 ካካፈላችሁ የምታገኙት 0.45 የማዕዘኑ ሳይን (ከፍታ ለጣውላው ርዝመት ሲካፈል) እንጂ የምንፈልገው ታንጀንት (ከፍታ ለወለሉ ርቀት ሲካፈል) አይደለም። ማዕዘን የሚለካ የስልክ አፕም አለ፤ እኔ ግን ስልኬን ተዳፋት ላይ አላስቀምጥም።

ቁራጩ ላይ ድንጋይ ጭናችሁ ድገሙት። እዚያው ከፍታ አካባቢ ይለቃል! ክብደቱ ቁልቁል የሚጎትተውንም፣ ጣውላው ላይ የሚጫነውንም እኩል ያሳድጋል። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ሰበቃ ከሚጫነው ኃይል ጋር አብሮ እንደሚያድግ ጽፏል። ጎማ ግን ለዚህ ሕግ ብዙም አይታዘዝም።

ጎንደር ደግሞ ቁልቁለት አይጠፋም። በየሜትሩ 15 ሴንቲሜትር የሚወርድ መንገድ ላይ ሳይንሸራተቱ ለመቆም 0.15 ኮፊሸንት ይበቃል። ደረቅ የጎማ ሶል ኮብልስቶን ላይ ከዚያ እጥፍ ድርብ አለው። ጣጣው ክረምት ሲገባ ነው፤ ጭቃው መሃል ገብቶ ሶሉን ከድንጋዩ ይለየዋል። ማየት ከፈለጋችሁ ጣውላውን ጭቃ ቀቡና አሮጌ ሸበጥ አስቀምጡበት። ይህንን ግን ግቢ አውጥታችሁ ሞክሩት፤ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ከእናታችሁ ጋር ትጣላላችሁ።