የሚወዱትን ልቦለድ ፊልም ቢሆን ብለው ሲያስቡ፦ ተዋንያኑንና ማጀቢያ ሙዚቃውን በምናብ እንዴት መምረጥ ይቻላል?

አንድን ልቦለድ ደጋግመው ያነበቡ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ «ይህ መጽሐፍ ፊልም ቢሆን እከሌን ማን ይጫወተው?» ወደሚለው ጥያቄ ያመራል። ጥያቄው በጨዋታ መልክ ይነሣ እንጂ በቁም ነገር ለያዘው ሰው መጽሐፉን እንደ አዲስ የሚያነብበት መንገድ ይሆንለታል፤ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ፊትና ድምፅ ለመስጠት የተነሣ አንባቢ፣ ደራሲው ስለዚያ ሰው በእርግጥ ምን ብሎ እንደጻፈ ተመልሶ ማየት ግድ ይሆንበታልና። ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ለተዋናዩም ሆነ ለዜማው ጥሩ ምርጫ ምስክሩ ከመጽሐፉ ገጽ ሊጠራ ይገባዋል።

መጀመሪያ ደንቡን ይወስኑ። ምርጫው ዛሬ በሕይወት ያሉ ተዋንያንን አሁን ባሉበት ዕድሜ ብቻ የሚመለከት ነው ወይስ ያለፉትንም፣ በወጣትነታቸው የምናውቃቸውንም ይጨምራል? ሁለቱም ያስኬዳል፤ ነገር ግን አንዱን ገጸ ባሕርይ በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ደንብ ከመረጡ አባትየው ከልጁ ያነሰ ዕድሜ ላይ ሊገኝ ይችላል። የፊልሙንም ርዝመት አብረው ይወስኑ። በተለመደው የፊልም ሥራ ግምት የስክሪፕት አንድ ገጽ ወደ 1 ደቂቃ ስለሚመጣ የ2 ሰዓት ፊልም 120 ገጽ ገደማ ስክሪፕት ይኖረዋል። 400 ገጽ ያለው ልቦለድ እዚያ ውስጥ እንዲገባ ከተፈለገ ከመንገድ የሚቀሩ ሰዎች ይኖራሉ፤ ሁለት ጎረቤቶች ወደ አንድ ሰው ይጠቃለላሉ፣ በደብዳቤ ብቻ የሚታወቅ ዘመድ ጨርሶ ይወጣል። ስለዚህ ለ30 ሰው ተዋናይ ፍለጋ ከመውጣት በፊት፣ ያለ እነርሱ ታሪኩ የማይቆምባቸውን ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ለይቶ ማውጣት ይሻላል።

ቀጥሎ እርሳስ ይዘው መጽሐፉን እንደገና ያንብቡ። ከሁሉም ደረጃዎች ረጅሙ ይህ ነው፤ ሊዘለልም አይገባም። ለእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ አንድ ወረቀት ያዘጋጁና መሐሉን አስምረው በአንድ በኩል ደራሲው የጻፈውን ከነገጽ ቁጥሩ፣ በሌላው በኩል እርስዎ በንባብ ጊዜ በልብዎ የሣሉትን ያስፍሩ። ዕድሜው፣ አረማመዱ፣ አነጋገሩ፣ ሲቆጣ የሚያደርገው፣ በሌለበት ሌሎች ስለ እርሱ የሚሉት ሁሉ ይመዝገብ። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ በሚያገኘው ነገር ይገረማል፤ ለዓመታት ረጅምና ጠይም አድርጎ የያዛት ሴት ቁመቷም መልኳም በመጽሐፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ የተጻፈው መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ዞር እንደምትል ነው። እንግዲህ ተዋናይዋን የሚያስመርጠው ያ መዞር ነው።

ነገሩን በአንድ ትዕይንት ላይ እንየው። የጠፋ ልጇን ለ20 ዓመት የጠበቀች አንዲት እናት አለች እንበል። አንድ ማታ በሩ ይንኳኳል። እናቲቱ ሮጣ አትከፍትም፤ በመጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ውሃ በጨርቅ ትጠርጋለች፣ ጨርቁን አራት ቦታ አጥፋ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትነሣለች። ለዚህች ሴት ተዋናይ የሚፈልግ ሰው «ጥሩ አድርጋ የምታለቅስ ማን ናት?» ብሎ ከጀመረ መንገዱን ስቷል፤ በዚያ ገጽ ላይ እንባ የለም። የምትፈለገው ፊቷ ምንም ሳይናገር፣ እጇ ብቻ ሲንቀሳቀስ ተመልካችን ይዛ መቆየት የምትችል ሴት ናት።

ዕጩዎችን ሲመዝኑ ፎቶግራፍ አይበቃም። ተዋናዩ ከሠራቸው ፊልሞች ውስጥ ሌላው ሰው ሲናገር እርሱ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበትን ቦታ ፈልገው ይመልከቱ፤ ንግግርን ስክሪፕቱ ይረዳዋል፣ ማዳመጥን ግን ተዋናዩ ብቻውን ነው የሚሸከመው። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ድምፁን ይስሙ፤ ገጸ ባሕርዩ በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረውን አንድ አንቀጽም በዚያ ድምፅ በልብዎ ያንብቡት። ዓረፍተ ነገሩ ከድምፁ ጋር ካልሄደ የመልክ መመሳሰል አያድነውም። ዕድሜ ግን ከሚታሰበው ይበልጥ ሊሸፈን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣው «ዘ ጎድፋዘር» የልቦለዱ ደራሲ ማርዮ ፑዞ ራሱ ለተዋናዩ ማርሎን ብራንዶ ደብዳቤ ጽፎ የሽማግሌውን የማፍያ አለቃ የዶን ኮርሊዮኔን ሚና እንዲይዝ ጠይቆት ነበር። ብራንዶ ገና በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ሽማግሌውን ለመጫወት በሙከራ ቀረጻው ላይ ጉንጩን አሳብጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀረበ፤ ለፊልሙም የቀረውን መዋቢያው ሠራው። ደራሲው የፈለገው የሰውየውን ግርማ እንጂ የልደት ቀኑን እንዳልነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለእያንዳንዱ ሚና ሁለተኛ ዕጩ ይያዙ፤ ቢቻል መጀመሪያ ልብዎ እምቢ ያለውን ሰው። ገጸ ባሕርዩን የፈጠረው ደራሲ እንኳ በዚህ ነገር ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ለእይታ የበቃው «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» ሲዘጋጅ ደራሲዋ አን ራይስ የቶም ክሩዝን መመረጥ በአደባባይ ተቃውማ ነበር፤ ፊልሙን ካየች በኋላ ግን በአደባባይ አመሰገነችው።

ተዋንያንን አንድ በአንድ መርጦ መጨረስ ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለት ግሩም ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ ላይስማሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመረጧቸውን ሰዎች ሥዕሎች ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስቀምጡ። እናትና ልጅ የሚጋሩት አንድ ነገር አለ ወይ? የግድ አፍንጫ መሆን የለበትም፤ አሳሳቅ ወይም አቀማመጥም ይበቃል። ታሪኩ ብዙ ዓመታትን የሚሻገር ከሆነና ልጅነቱን አንዱ፣ ጉልምስናውን ሌላው የሚጫወተው ከሆነ ተመልካች ሁለቱን እንደ አንድ ሰው የሚቀበለው በእንዲህ ያለ ምልክት ነው። በጣም የታወቀ ፊት ደግሞ የቀድሞ ሚናዎቹን ይዞ ይመጣል፤ ማንነቱ እስከ መጨረሻው ድረስ መታወቅ ለሌለበት ገጸ ባሕርይ ተመልካቹ የማያውቀውን ሰው ማሰብ የተሻለ ነው።

ሙዚቃው የራሱ ንባብ ያስፈልገዋል፤ በግሌም ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ክፍል ነው። በመጀመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ድምፆች ይልቀሙ፦ ዝናብ፣ ደወል፣ ገጸ ባሕርዩ ሥራ ላይ ሳለ የሚያንጎራጉረው፣ ከጎረቤት ቤት የሚሰማ ራዲዮ። እነዚህ ሰዎቹ ራሳቸው የሚሰሟቸው ናቸው። ማጀቢያው ግን ለተመልካቹ ብቻ የሚሰማ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር መጋፋት የለበትም፤ ጥሩ ማጀቢያ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ይወለዳል። እናቲቱ በምዕራፍ 1 ልጇን ስታስተኛ ያንጎራጎረችው ዜማ ከ20 ዓመት በኋላ በአንድ መሣሪያ ብቻ፣ ያለ ግጥም ቢመለስ ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ስለዚህ ብዙ ዘፈን ከመደርደር ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ዜማዎችን ወስደው በታሪኩ ውስጥ እየተለወጡ እንዲሄዱ ያድርጉ። ዜማውን ለሰው ከመስጠት ለግንኙነት መስጠትም ይመረጣል፤ የሁለት ወዳጆች ዜማ ወዳጅነቱ ሲሻክር አብሮ ሊሻክር ይችላል። የመሣሪያው ምርጫም ዓለሙን ይፈጥራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለወጣው የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» ፊልም ጆን ዊልያምስ ዋናውን ዜማ በቼሌስታ አስጀመረው፤ ይህ እንደ ፒያኖ በጣት እየተነካ እንደ ትንንሽ ደወሎች የሚያስተጋባ መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ አቀናባሪዎች ቢለዋወጡም ዜማው አልተጣለም።

የመረጡትን ሙዚቃ ሳይፈትኑ አይጻፉት። የትዕይንቱን ገጽ ከነዝምታው ቀስ ብለው ድምፅ አውጥተው ያንብቡና ጊዜውን በስልክዎ ይለኩ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ፣ አንድ ጊዜ ከስሜቱ ጋር በሚሄድ ሙዚቃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስሜቱን በሚቃረን። ሰዎች በሚነጋገሩበት ቦታ ግጥም ያለው ዘፈን ካስገቡ ጆሮ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መከተል ስለማይችል አንዱ ይጠፋል፤ ለንግግር ዜማ ብቻውን፣ ግጥም ላለው ዘፈን ቃል የሌለበት ጉዞ ወይም መለያየት ይስማማል። ለጊዜው ብለው ያስቀመጡት ሙዚቃም ሥር ሊሰድ እንደሚችል ይወቁ። የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው የሕዋ ፊልሙ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» አቀናባሪውን አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አስደርሶ ነበር፤ በመጨረሻ ግን ያንን ትቶ ለሥራው መሸጋገሪያ ሲጠቀምበት የነበረውን ዓይነት ክላሲካል ሙዚቃ አስቀረ። እርስዎም ከአንድ ዘፈን ጋር የቆዩት መጽሐፉ ስለጠየቀው ይሁን ወይም ጆሮዎ ስለለመደው መለየት አለብዎት።

ዝምታንም በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ ያስገቡት። በሩ ሲንኳኳ ሙዚቃ ቢጀምር ለተመልካቹ የመጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረዋል፤ እናቲቱ ግን አታውቅም። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ፣ የወንበሩ መንፏቀቅና እርምጃዋ ይበቃሉ። ዜማው ይግባ ከተባለ በሩ ተከፍቶ፣ እርሷ አይታ፣ እኛ ገና ሳናይ ቢሆን ይሻላል።

ሁሉም ሲያልቅ በአንድ ገጽ ላይ ያጠቃልሉት፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ምርጫውን የሚደግፈውን የገጽ ቁጥርና አንድ ዓረፍተ ነገር ያኑሩ። ከሌሎች አንባቢዎች ጋር ሲወያዩም ክርክሩ «እኔ እርሱን አልወደውም» ከሚለው ወጥቶ በዚያ ገጽ ላይ ወደ ተጻፈው ይመለሳል። ከዚያ የመጨረሻውን ፈተና ያድርጉ። መጽሐፉን በደንብ ለሚያውቅ ወዳጅዎ የተዋንያኑን ሥዕሎች ያለ ገጸ ባሕርያቱ ስም ይስጡት፣ ዜማዎቹንም ያለ ርዕስ ያሰሙት፤ ማን ማን እንደሆነና የትኛው ዜማ ለየትኛው ትዕይንት እንደታሰበ ይንገርዎ። የተሳሳተባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርገው፣ እርሳሱን ይዘው ወደ እነዚያ ገጾች ይመለሱ።