የኦፐሬተሮችን የብቃት ማደሻ ስልጠናና ፈተና ስንገመግም ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ኮንትሮል ሩም ተቀምጦ የሚያድር ሰው ጥቂት አይደለም፤ የሲሚንቶ እቶን የሚጠብቅ አለ፣ ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) የሚጠብቅ አለ። ብዙ ቦታ በዓመት አንዴ «ሪፍሬሸር» የሚሉት ስልጠና ይሰጣል፣ መጨረሻው ላይ ፈተና፣ ከፈተናው በኋላ ሰርተፍኬትና የቡድን ፎቶ። «ስልጠናው ምን ለወጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የምጽፈው ለዚያ ጠያቂ ነው፤ ለስልጠና ክፍል ኃላፊው፣ ለፈረቃ መሪው፣ «ና፣ ፈታኝ ሁንልን» ለተባለው ነባር ኦፐሬተር።

ምሳሌዎቼን የማመጣው ከኒውክሌር ማመንጫ ነው። እኛ ጋ ገና ማመንጫው የለም፤ ቢሆንም መስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የድርጊት መርሃ ግብር ተፈርሟልና ወሬው እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ኦፐሬተርን ደጋግሞ ስለ መፈተን የነሱን ያህል ደንቡን በዝርዝር ጽፎ ለማንም ክፍት ያደረገ ዘርፍ ማግኘት ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ የሪአክተር (የኒውክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበት ክፍል) ኦፐሬተር ፈቃድ የሚያገለግለው 6 ዓመት ነው። በዚያ መሃል ኦፐሬተሩ ከ24 ወር የማይበልጥ የብቃት ማደሻ ዙር ይከታተላል፤ አንዱ ዙር ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በየዓመቱ የተግባር ፈተና፣ በየዙሩ ደግሞ ሁሉን ያካተተ የጽሑፍ ፈተና አለ።

«ሁሉም አልፏል» ብሎ ሪፖርት መዝጋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። የማለፊያ ውጤት ስለ ሰውየው ይናገራል፤ ስለ ስልጠናው የሚናገረው የስህተቱ ዓይነት ነው። ስለዚህ የመልስ ወረቀቶቹን በስም ሳይሆን በጥያቄ ቁጥር ደርድሯቸው። አንድ ሰው ብቻ የሳተው ጥያቄ የሰውየው ጉዳይ ነው። አራቱም ፈረቃ የሳቱት ጥያቄ ወይ አልተማሩትም፣ ወይ ጥያቄው ራሱ የተምታታ ነው። ከዓመት ዓመት ማንም የማይስተው ጥያቄ ደግሞ ወረቀት ከመፍጀት በቀር ሥራ የለውም።

ሁለት ፈረቃዎች በአማካይ 85 አመጡ እንበል፤ በአሜሪካው የኒውክሌር ፈተና ማለፊያው 80 ነው፣ ሁለቱም አልፈዋል። የመጀመሪያው ፈረቃ ስህተቶች እዚህም እዚያም የተበተኑ ናቸው። የሁለተኛው ስህተቶች ግን ሁሉም ማቀዝቀዣው ሲቋረጥ ምን ይደረጋል በሚለው ላይ ተከምረዋል። ሪፖርቱ ላይ እኩል ናቸው። እኔ ግን ሁለተኛው ፈረቃ ሌሊት በሚገባበት ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያስተማሩትን ብቻ መፈተን

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ባለው የስሪ ማይል አይላንድ ማመንጫ 2ኛ ዩኒት ውሃ የሚመግቡት ፓምፖች ቆሙ። ተርባይኑ ቆመ፣ ሪአክተሩም ራሱን አጠፋ። ግፊት ለማስተንፈስ የተከፈተው ቫልቭ ወዲያው መዘጋት ነበረበት፤ እንደተከፈተ ቀረ። ፓነሉ ላይ ግን የቫልቩ መብራት ጠፋ። መብራቱ የሚያሳየው «ተዘጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። የማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያ ቀዳዳ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ስልጠናው የሚመጣው። ኦፐሬተሮቹ አንድ ነገር እንዳይሆን አጥብቀው ተምረዋል፦ የግፊት መጠበቂያው ታንክ በውሃ ጢም ብሎ እንዳይሞላ። የታንኩ ሌቭል ሲወጣ አዩ፤ ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ውሃ የሚያስገቡትን ፓምፖች ቀነሱ። ሪአክተሩ ውሃ አጥቶ እያለ ውሃ በዛ ብለው። የነዳጁ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። እነዚህ ሰዎች ፈቃድ የነበራቸውና የተፈተኑ ነበሩ። ጉዳዩን ያጣራው በጆን ኬሜኒ የተመራው ኮሚሽን ስልጠናቸው እጅግ ጎዶሎ እንደነበር፣ የሠለጠኑበት ሲሙሌተርም (ኮንትሮል ሩሙን አስመስሎ የሚያለማምደው መሣሪያ) ያን ዓይነት ሁኔታ እንዲያሳይ ሆኖ እንዳልተዘጋጀ ጻፈ። የሚያንገበግበው ደግሞ ይሄ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1977 ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ የተባለ፣ ሪአክተሩ በዚያው አምራች የተሠራ ማመንጫ ላይ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እዚያ በጊዜ ተደረሰበት። ትምህርቱ ግን ስሪ ማይል አይላንድ ኮንትሮል ሩም ድረስ አልዘለቀም።

ጃፓን ያለው የፉኩሺማ ማመንጫ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሱናሚው መብራቱን ሲወስደው፣ 1ኛው ዩኒት ያለ ፓምፕ የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ነበረው፤ ፈረቃ ላይ ከነበሩት መካከል ግን ያንን መሣሪያ በተግባር አንቀሳቅሶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ስልጠና ስትገመግሙ ፈተናውን ከስላይዱ ጋር ብቻ አታስተያዩት። ከስላይዱ ጋርማ ይገጥማል፤ ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። የፈረቃውን መዝገብ አውጡ። ባለፈው ዓመት መብራት ድንገት ሲሄድ ምን ተደረገ? የትኛው አላርም ነው ሁልጊዜ «ልማዱ ነው» ተብሎ የሚታለፈው? በጎረቤት ፋብሪካ ምን ተበላሸ? እነዚህ ስልጠናው ውስጥ ከሌሉ፣ መቶ ከመቶ ያመጣው ሰው መቶ ያመጣው በሌላ ትምህርት ነው።

ፈታኙ ጉሮሮውን ሲጠርግ

ተፈታኙ ፓነሉ ፊት ቆሟል፤ ፈታኙ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከኋላው። ኦፐሬተሩ የመጠባበቂያውን ፓምፕ ሊያስነሳ ጣቱን ወደ ቁልፉ ያስጠጋል። ከዚያ በፊት የፓምፑ መግቢያ ቫልቭ መከፈቱን ማየት ነበረበት። ፈታኙ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጣት ይመለሳል።

«እስቲ ረጋ ብለህ እየው አባ።»

ኦፐሬተሩ ዓይኑን ወደ ግራ ይልካል፣ «አሃ፣ ዝግ ነው» ይላል፣ ያስከፍታል፣ ፓምፑን ያስነሳል። ወረቀቱ ላይ ምልክት፦ አለፈ።

ማን ነው ያለፈው? ፈታኙ። እኛ ድሬ ልጅም አዛውንትም «አንተ» ተባብለን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ደስ የሚል ነገር ነው፣ የፈተና ቀን ግን ያስቸግራል። የራስን ጓደኛ መጣል ይከብዳል። መፍትሔው ፈታኙን ጨካኝ ማድረግ አይደለም። ከፈተናው በፊት ለእያንዳንዱ ተግባር የትኛው እርምጃ ከተዘለለ ሰውየው እንደሚወድቅ ተለይቶ ይጻፍ፤ ኒውክሌሮቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ፈታኙም የሚናገረው መሣሪያው ሊናገር የሚችለውን ብቻ ይሁን፤ «ሌቭሉ 40 ያሳያል» ማለት ይችላል፣ «እርግጠኛ ነህ?» ማለት አይችልም። እጠይቃለሁ ካለም ትክክል ሲሠራም ሲሳሳትም ያንኑ ጥያቄ በዚያው ድምፅ ይጠይቅ። ገምጋሚ የሆናችሁ፣ ተፈታኙን ትታችሁ አንድ ሙሉ ፈተና ፈታኙን ብቻ ተመልከቱ። ብዙ ታያላችሁ።

ለሁሉም ፈረቃ አንድ ፈተና

ሰኞ ጠዋት የተፈተነው ፈረቃ ከሰዓት ጫት ላይ ይቀመጣል። ምርቃናው ሲጀምር ወሬው ይጀምራል፦ «መጀመሪያ ፓምፕ ያስወድቃሉ፣ ከዚያ መብራት ይቆርጣሉ።» ማክሰኞ የሚፈተነው ፈረቃ እዚያው ተቀምጧል። የሐሙሱ ፈረቃ ከሰኞው የተሻለ ውጤት ሲያመጣ «እየተሻሻልን ነው» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ አለ። የአሜሪካው ደንብ የፈተናን ምስጢር ማጓደልን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎ ይከለክላል፤ ተፈታኙንም አሠሪውንም ይመለከታል። ደንብ ባይኖራችሁም ሁለት ሦስት የተለያየ ሁኔታ አዘጋጁ፣ ቅደም ተከተሉንም አዘበራርቁ። ውጤቱ በሳምንቱ ቀናት ተራ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጥያቄው ወጥቷል ማለት ነው።

ቡድኑን አይቶ ሰውየውን መርሳት

ጎበዝ የፈረቃ መሪ አራት ደካማ ኦፐሬተር ይሸፍናል። ሁሉን እሱ ያያል፣ ሁሉን እሱ ያዛል፣ ቡድኑ ያልፋል። እሱ እረፍት የወጣ ቀንስ? ቡድኑም እያንዳንዱ ሰውም ለየብቻ ውጤት ይኑራቸው። መሪው ትእዛዝ ሲሰጥ ተቀባዩ ደግሞ ይላል ወይስ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል? እሱን ጻፉ።

የወደቀውን በዚያው ጥያቄ መልሶ መፈተን

«ቁጥር 7ን ነው የሳትከው፣ መልሱ ለ ነው፣ ነገ ና» የሚባል ነገር አለ። ነገ ይመጣል፣ ለን ያከብባል፣ ያልፋል። በኒውክሌሩ አሠራር የወደቀ ሰው ከፓነሉ ይነሳል፣ በደከመበት ርዕስ ይሠለጥናል፣ ዳግም ይፈተናል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ወንበሩ የሚመለሰው። እኛ ጋ ሰው ያጥራልና ከፓነሉ ማንሳቱ ከባድ ነው፤ ይገባኛል። ቢያንስ ግን ሁለተኛው ፈተና ሌላ ፈተና ይሁን።

ወረቀት ያለውን ሁሉ ብቁ ማለት

ቢሮ የገባ ነባር ኦፐሬተር ፈተናውን በየዓመቱ ያልፋል፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ግን ቆይቷል። አሜሪካኖቹ ፈቃዱ የጸና እንዲሆን በየሩብ ዓመቱ ቢያንስ 7 ባለ 8 ሰዓት ወይም 5 ባለ 12 ሰዓት ፈረቃ እንዲሠራ ያስገድዱታል። ያ ካልሞላ፣ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት በሌላ ባለፈቃድ ሥር ቢያንስ 40 ሰዓት ፈረቃ ይሠራል። የስልጠና መዝገብ ስትመረምሩ የፈረቃ ሰሌዳውንም አብራችሁ ጠይቁ።

ግምገማውን ክፍል ውስጥ መጨረስ

ሠልጣኞች የሚሞሉት «ስልጠናው እንዴት ነበር?» የሚል ቅጽ ስለ ምሳውና ስለ አዳራሹ ሙቀት ጥሩ መረጃ ይሰጣል፤ በግንቦት የድሬ ሙቀት በተለይ። አሜሪካዊው የስልጠና ግምገማ አዋቂ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጻፈው ባለ አራት እርከን ደረጃ እዚህ ላይ ይረዳል፦ ሠልጣኙ ወደደው? ተማረው? ሥራው ላይ አዋለው? ውጤት መጣ? የኛ ግምገማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ይቆማል። የኒውክሌሩ ስልጠና ሥርዓት ግን የመጨረሻ ምሰሶው ይሄ ነው፤ የሠለጠነው ሰው ሥራው ላይ እንዴት እንደሆነ ታይቶ ስልጠናው ይታረማል።

ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ከስልጠናው ሁለት ወይም ሦስት ወር በኋላ፣ ሳትነግሯቸው፣ በተለይ በሌሊት ፈረቃ ርክክብ ሰዓት ኮንትሮል ሩም ግቡ። ወጪው ፈረቃ ለገቢው ምን ይነግረዋል? መዝገቡን እያነበበ ነው ወይስ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሞ? አላርም ሲጮህ የኦፐሬተሩ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማጥፊያው ነው ወይስ ዓይኑ ወደ ስክሪኑ? ያያችሁትን በቀን፣ በሰዓትና በፈረቃ ጻፉና የሚቀጥለው ዓመት ስልጠና ርዕስ ሲመረጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት፤ ከስላይዶቹ በፊት።