በመከራ ጊዜ እንዴት መጸለይ ይቻላል?

መከራ ሲመጣ ብዙ አማኝ መጸለይ ያቅተዋል። ይህንን የእምነት ጉድለት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። እንቅልፍ ያጣና ልቡ የደነገጠ ሰው አጭር ደብዳቤ እንኳ አስተካክሎ ለመጻፍ ይቸገራል፤ ጸሎት ቢከብደው ምን ይገርማል? ብዙውን ጊዜ የሚያደክመን በደኅናው ቀን የለመድነውን ጸሎት፣ ማለትም ረጅሙን፣ በምስጋና የሚጀምረውንና ቃላቱ የተመረጡትን፣ በጭንቅ ቀንም እንዳለ ልንደግመው መሞከራችን ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናገኛቸው የተጨነቁ ሰዎች እንዲህ አልጸለዩም። ጸሎታቸው ግልጽ፣ ብዙ ጊዜም አጭር ነው፤ አንዳንዴ ምሬት አለበት። የሚከተሉት እርምጃዎች ከእነርሱ የተወሰዱ ናቸው።

1. ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድመው ይወስኑ

የተጨነቀ ሰው ትንሹም ውሳኔ ይከብደዋል። ስለዚህ «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» አይበሉ፤ አይመችዎትም። አንድ ሰዓትና አንድ ቦታ ይምረጡ፣ ስልክዎን ሌላ ክፍል ይተዉ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዳንኤል እንዳይጸልይ የሚከለክለው አዋጅ መጻፉን ባወቀ ጊዜ አዲስ ነገር አልጀመረም፤ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው በቀን ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ (ዳንኤል 6፥10)። የሚያስጨንቅዎት ሌሊቱ ከሆነ መጽሐፍዎን በገጹ ላይ ምልክት አድርገው ከአልጋዎ አጠገብ ያስቀምጡ፤ በእኩለ ሌሊት ገጽ መፈለግ ተስፋ ያስቆርጣል።

2. ነገሩን እንዳለ ይናገሩ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። የይሁዳ ንጉሥ ሕዝቅያስ ከአሦር ንጉሥ የዛቻ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ አነበበውና ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19፥14)። ነገሩን አላሳመረውም፣ አላሳነሰውምም። ደብዳቤው ያው ነው፤ ይታይ አለ።

እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ወረቀት ይያዙና ያስጨነቀዎትን ነገር በስሙ ይጻፉ፤ ከዚያ የጻፉትን ድምፅ አውጥተው ለእግዚአብሔር ያንብቡት። ለምሳሌ የሕክምና ምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሰው «ጌታ ሆይ፥ ጤናዬን ጠብቅልኝ» ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ጸሎቱ ስሕተት የለበትም፤ ግን የሚያስፈራውን ነገር አልነካውም። እንዲህ ቢልስ፦ «ጌታ ሆይ፥ ሐሙስ ውጤቱ ይነገረኛል። ሌሊት እየነቃሁ ልጆቼን አስባለሁ። ለባለቤቴ ደኅና ነኝ እላለሁ፤ ደኅና አይደለሁም። ለምን ዝም እንዳልከኝ አልገባኝም።» ሁለተኛው ጸሎት ሰውየውን ራሱን ይዞት ቀርቧል።

ቁጣና ቅሬታ ቢወጣዎት አይደንግጡ። ዕንባቆም «እስከ መቼ እጮኻለሁ?» ብሎ ነው መጽሐፉን የሚጀምረው። ሐናም በመቅደስ እያለቀሰች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅዋ ሳይሰማ ስትጸልይ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርሷ ግን በልቧ ያለውን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች ነገረችው፤ እርሱም ነገሩን ተረድቶ በሰላም ሂጂ አላት (1ኛ ሳሙኤል 1)። ለሰው ዓይን የማያምር ጸሎት ጸሎትነቱን አያጣም።

3. መዝሙር 13ን እንደ መሪ ይጠቀሙ

ስድስት ቁጥር ብቻ ያለው አጭር መዝሙር ነው። (የመዝሙራቱ ቁጥር በሁለት መንገድ ስለሚቆጠር በአንዳንድ መጽሐፍ 12 ሆኖ ያገኙታል።) ዳዊት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች «እስከ መቼ» እያለ ያማርራል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ይለምናል፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት በእግዚአብሔር ምሕረት መታመኑን ይናገራል። መጀመሪያ እንዳለ ያንብቡት። ቀጥሎ በየክፍሉ የራስዎን አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስገቡ፦ የሚያማርሩትን፣ የሚለምኑትን፣ እስካሁን የሚይዙትን።

ሦስተኛው ክፍል ካልመጣ በግድ አያምጡት። በሁለተኛው ላይ ያቁሙና ነገ ይመለሱ። መዝሙር 88 (በሌላው አቆጣጠር 87) ጨርሶ ወደ ምስጋና ሳይዞር በጨለማ ያበቃል፤ ሆኖም ከመዝሙራቱ መካከል አልወጣም። ተስፋ ሳይሰማው «ተስፋ አለኝ» እያለ ራሱን የሚያስጨንቅ ሰው ይህን መዝሙር ቢያነብ መልካም ነው።

4. መጀመሪያ ይለምኑ፣ ከዚያ ይተዉለት

ብዙዎቻችን «ፈቃድህ ይሁን» ለማለት እንቸኩላለን። መንፈሳዊ ይመስላል፤ አንዳንዴ ግን ለምነን እንዳንከለከል የምንሸሽበት መንገድ ነው። ኢየሱስ በጌቴሴማኒ በዚህ ቅደም ተከተል አልሄደም። አስቀድሞ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ «ነገር ግን አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሄዶ ተመልሶም ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ (ማቴዎስ 26፥36-46)። በማቴዎስ 6፥7 የተነቀፈው በቃል ብዛት እሰማለሁ ብሎ ማሰብ ነው፤ ጭንቀት ያንኑ ልመና ደጋግሞ ቢያስወጣዎት በዚያ አይኮነኑም።

ስለዚህ የሚፈልጉትን ለይተው ይለምኑ፦ ሥራውን፣ ፈውሱን፣ የዕርቁን ቀን። ይህ ሁሉ እንደሚሰጥ ግን ማንም ዋስ ሊሆንልዎ አይችልም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መውጊያው መነሣቱ ሳይሆን «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ቃል ነበር (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-9)። የለመኑትን በደብተር ከነቀኑ መጻፍ ይጠቅማል፤ ያልተመለሰውን ሳይሰርዙ በሚቀጥለው ቀን ከዚያው ይጀምራሉ።

5. ቃል ሲያልቅብዎ ይዋሱ

ጴጥሮስ መስጠም ሲጀምር ጊዜ አልነበረውም፤ «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብቻ አለ፣ እጅም ተዘረጋለት። የታመመው ልጅ አባት ደግሞ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» አለ (ማርቆስ 9፥24)። ጥርጣሬ ላለበት ሰው ከዚህ የተሻለ ጸሎት አላውቅም። ከእነዚህ አንዱን ይምረጡና በእርጋታ ይድገሙት፦ «አምናለሁ» እያሉ ወደ ውስጥ ይተንፍሱ፣ «አለማመኔን እርዳው» እያሉ ያውጡ። በመንገድ፣ በሐኪም ቤት ወረፋ ወይም ከአስቸጋሪ ስብሰባ በፊት ይሆናል።

«አባታችን ሆይ» ደግሞ ሁልጊዜ አለ። በየሐረጉ ቆም እያሉ ይጸልዩት፤ «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» ሲሉ የዛሬን ብቻ ያስቡ፣ የሚቀጥለውን ወር ለጊዜው ይተዉት። ይህም ካልሆነ ዝም ብለው ይቀመጡ ወይም ያልቅሱ። እንዴት እንደምንጸልይ ሳናውቅ መንፈስ ራሱ በማይነገር መቃተት እንደሚማልድልን ሮሜ 8፥26 ይናገራል።

6. ሥጋዎንም ያስቡ

ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ በመጀመሪያ ያለው «ተነሥተህ ብላ» ነው፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ (1ኛ ነገሥት 19)። ሳይበሉና ሳይተኙ ከሰነበቱ ዛሬ ጸሎቱን አሳጥረው ይተኙ።

7. ብቻዎን አይቅሩ

ኢየሱስም በጌቴሴማኒ ሦስት ወዳጆቹን ይዞ ነው የሄደው፤ ተኙበት እንጂ። አንድ ወይም ሁለት የሚያምኗቸውን ሰዎች፣ ካህንዎን ወይም መጋቢዎን ጨምረው ይምረጡ። «ጸልዩልኝ» ብቻ ከማለት «ሐሙስ ጠዋት ውጤት እቀበላለሁ፤ በዚያ ሰዓት ጸልዩልኝ» ይበሉ። መከራዎን በእምነትዎ ማነስ የሚያመካኝ ሰው ካጋጠመዎት ምስጢርዎን ለሌላ ያካፍሉ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በመሬት ተቀምጠው ነበር፤ ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

መጸለይ ሐኪም ከማየት አያስቀርም፣ መድኃኒትም አያስቆምም። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ ኤልያስም ነግሮታል። ግን በዚያ አያቁሙ። ዛሬውኑ፣ ነገን ሳይጠብቁ፣ አጠገብዎ ላለ ሰው ወይም ለሐኪም በግልጽ ይናገሩ፤ ያ ሰው እስኪደርስልዎም ብቻዎን አይቀመጡ።