የቃጫና የፒኤልኤ ሰሌዳ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ የሲሳል ወይም የእንሰት ቃጫ ከፒኤልኤ (ከዕፅዋት ከሚሠራ ፕላስቲክ) ጋር በሙቅ ፕሬስ እየጨመቃችሁ ሰሌዳ ለምትሠሩ ነው። ፕሬሱ በትክክል መሞቁን፣ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) እንዳይጣበቅ መቀባቱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ሰሌዳው እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኖ ወጣ

ውሃ ነው። ተበላሸብን ተብሎ ከሚመጣልኝ አብዛኛው ይኸው ነው። ሰው ግን መጀመሪያ ፕሬሱን ይጠረጥራል። ግፊት ይጨምራል፣ ሙቀት ይጨምራል፣ ይብስበታል።

በእጅ ሲዳሰስ ደረቅ የሆነ ቃጫ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ፒኤልኤ የሚቀልጠው ከ150 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ ያ ውሃ ፕሬሱ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ አረፋ ሆኖ ይቀራል። አረፋው ደግሞ ቀላሉ ጉዳት ነው። ውሃው በዚያ ሙቀት የፒኤልኤውን የሞለኪውል ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ቅልጡ ይቀጥንና በሞልዱ ጠርዝ ይፈሳል፣ ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ በጣት ስታጥፉት ቀጭ ይላል።

አንድ ወርክሾፕ ቃጫውን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ጆንያ ውስጥ ከተው፣ በክረምት ሲሚንቶ ወለል ላይ አሳደሩት። ጠዋት ሲጨምቁት አረፋ በአረፋ። ፒኤልኤ የሸጠላቸውን ሰውዬ ሊከሱት ምንም አልቀራቸውም። ከጆንያው 100 ግራም መዝኜ ኦቨን ከተትኩ። ሲወጣ 88 ሆነ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። ክብደት እንዲያነሳለት ቃጫውን ውሃ አርከፍክፎ የሚሸጥ ነጋዴም አለ፣ እሱን ተዉት። ተማሪዎች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በደንብ ያደርቁና ጠረጴዛ ላይ ዘርግተውት ማኪያቶ ሊጠጡ ይወጣሉ! የደረቀ ቃጫ እኮ ከአየሩ ውሃ መልሶ ይስባል።

ስለዚህ ቃጫውን 80 ዲግሪ ላይ አሳድሩት፣ በየመሃሉ መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ያን ጊዜ ደርቋል። በፍሬ የተገዛውን ፒኤልኤም ለብቻው በ80 ዲግሪ ቢያንስ 4 ሰዓት አድርቁ፣ እርጥበቱ ከ0.025 በመቶ በታች መውረድ አለበት። ከስሪዲ ፕሪንተር የተረፈ ፍርፋሪ ከሆነ ግን 80 አታድርሱት፣ 60 አካባቢ ለስልሶ አንድ ጓል ይሆንባችኋል። 45 ላይ ረዘም አድርጉት። ከዚያ ከኦቨን በቀጥታ ወደ ፕሬስ። ዛሬ የማትጨምቁት ከሆነ አየር በማያስገባ ላስቲክ እሰሩት። ግፊቱን ሙሉ ለሙሉ ከማጥበቃችሁ በፊትም ሁለት ሦስቴ ላላ እያደረጋችሁ አስተንፍሱት።

ሲሰበር ቃጫው ንጹሕ ሆኖ ተመዞ ይወጣል

ቃጫውና ፒኤልኤው አልተያያዙም። ቃጫው ላይ ሰም አለ፣ በእንሰት ከሆነ ደግሞ በደንብ ያልተፋቀ የግንዱ ሥጋ እንደ ቅርፊት ደርቆበት ይመጣል። እሱን አራግፉና 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ንከሩት። ውሃው ማሙለጭለጩን እስኪያቆም እጠቡት፣ በመጨረሻው እጣቢ ትንሽ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ሶዳው ሲበዛ ቃጫውን ራሱን ይበላዋል፣ «ጠንከር ላድርገው» የሚል ሰው አይንካው።

ሶዳውን ውሃው ላይ ነው የምትጨምሩት፣ ውሃውን ሶዳው ላይ በፍጹም! ጓንትና መነጽር አድርጉ። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፣ ሶዳው ይበላውና ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል። ከታጠበ በኋላ እንደገና ማድረቅ እንዳለ አትርሱ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ወደ አረፋው የሚመለሰው።

ቡናማ ሆነ፣ የተቃጠለ ይሸታል

ከ200 ዲግሪ አልፋችኋል ወይም ፕሬሱ ውስጥ አቆይታችሁታል።

ደንበኛው ጋ ሄዶ ተጣመመ

ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትቶት ይሆናል፣ ወይም የፈላ ጀበና አስቀምጦበታል። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ለእንዲህ ያለ ሥራ አትሽጡት።

ጓሮ ቀበርኩት፣ አልበሰበሰም

አይበሰብስም፣ ቢያንስ ቶሎ። ቃጫው ይበሰብሳል፣ ፒኤልኤው ግን 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የኮምፖስት ክምር ይፈልጋል። ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። «መቶ በመቶ የሚበሰብስ» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህን ለገዢው ንገሩት።